ጅብ የውሻ ዘመድ ነው ወይስ የድመት? የዝምድና ዛፍ በወረቀት ላይ የመሥሪያ መመሪያ

ባዮሎጂ አስጠናለሁ። የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ላይ በደረስን ቁጥር አንዱ እጁን ያወጣና "ቲቸር፣ ጅብ የውሻ ዘመድ ነው አይደል?" ይለኛል። አይደለም፣ ለድመት ይቀርባል ስል ክፍሉ ይስቃል። ሳቁ ሲበርድ ትክክለኛው ጥያቄ ይመጣል፦ "በምን ታወቀ?"

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላስታውስም። ዘንድሮ ልጻፈውና ልገላገል ብያለሁ። ግን መልሱን ብቻ ብነግራችሁ ነገ በሌላ እንስሳ ትመጣላችሁ። ስለዚህ ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። 8 እንስሳት፣ 8 ባሕርያት፣ አንድ ወረቀት። ቢበዛ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ነጭ ወረቀት፣ 3 ቅጠል
- እርሳስና ላጲስ። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፤ ቢያንስ ሁለቴ ታጠፋላችሁ
- ማስመሪያ
- ከካርቶን የተቆረጡ 8 ትንንሽ ካርዶች
- ኢንተርኔት ያለው ስልክ፣ ሳይንሳዊ ስሞችን ለማየት
- ቤት ውስጥ ዶሮ የሚታረድ ከሆነ አንድ የዶሮ እግር። ግዴታ አይደለም፣ ግን ደረጃ 5 ላይ በጣም ይረዳል

ማስጠንቀቂያ፦ የሌሊት ወፍ ለማየት ብላችሁ በእጃችሁ አትያዙ። ትነክሳለች፣ የእብድ ውሻ በሽታም ልታስተላልፍ ትችላለች። የዶሮ እግሩን ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የጅብ ጥርስ በፎቶ ይበቃችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዝምድና ለምን በዛፍ እንደሚሣል ካልገባችሁ ቀሪው ሥራ የመስመር ጨዋታ ይሆንባችኋል። ነገሩ አጭር ነው። የአንድ ዝርያ አባላት አንድ ዓይነት አይደሉም። ልዩነታቸው በከፊል ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። በሚኖሩበት ቦታ የሚመች ልዩነት ያላቸው ደግሞ ብዙ ልጅ ያስቀራሉ፣ ስለዚህ ያ ልዩነት በትውልድ ብዛት እየተስፋፋ ይሄዳል። ይሄ የተፈጥሮ ምርጫ ይባላል። አንድ ሕዝብ፣ ማለትም በአንድ ቦታ አብረው የሚዋለዱ የአንድ ዝርያ አባላት፣ ለሁለት ተከፍሎ መዋለዱ ሲቋረጥ ሁለቱም በየራሳቸው ይለወጣሉ። ዛፉ ላይ ቅርንጫፍ የሚወጣው እዚህ ጋ ነው።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ጣና ሐይቅን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ይለየዋል፤ ዓሣ ፏፏቴውን ሽቅብ አይወጣም። ሐይቁ ውስጥ ላቤዮባርበስ ከሚባለው ወገን 15 ገደማ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፣ አፋቸው ግን ይለያያል። ከፊሎቹ ሌላ ዓሣ አሳደው ይበላሉ፣ ከፊሎቹ ከታች ጭቃ እየማሱ ይለቅማሉ። ከአንድ ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሥራ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ጻፉ፣ እንስሳቱን ምረጡ

በወረቀቱ አናት ላይ "ጅብ ለማን ይቀርባል?" ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በካርዶቹ ላይ እነዚህን አስፍሩ፦ ቆሮሶ (ዓሣው)፣ እንቁራሪት፣ እንሽላሊት፣ ዶሮ፣ የሌሊት ወፍ፣ ውሻ፣ ጅብ፣ ድመት።

ለምን ጅብ፣ ውሻና ድመት ብቻ አይሆኑም? ሦስት ብቻ ካስቀመጣችሁ የቱ ባሕርይ አሮጌ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ የምታውቁበት መንገድ የለም። ሩቆቹ እንስሳት እንደ ሚዛን ድንጋይ ናቸው።

ደረጃ 2፦ የአገር ስሙን ወደ ሳይንሳዊ ስም ቀይሩ

በየካርዱ ጀርባ ሳይንሳዊውን ስም ጻፉ። ጅብ ስንል ሐረር ላይ ሰው በእጁ የሚያበላው ነጠብጣቡ ጅብ ማለታችን ነው፤ ስሙ ክሮኩታ ክሮኩታ። ድመት ፌሊስ ካተስ፣ ቆሮሶ ኦሬዮክሮሚስ ኒሎቲከስ። የቀሩትን ስልካችሁ ላይ ፈልጉ። በላቲን ፊደል ስትጽፉ የመጀመሪያው ቃል ብቻ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ሁለተኛው ሁሌ በትንሽ። በእጅ ሲጻፍ ከሥሩ ይሰመርበታል።

ይህን ደረጃ የሚዘልሉት ብዙዎች ናቸው፣ የሚሳሳቱትም እነሱው ናቸው። የአገር ስም ለመግባቢያ ነው የተሰጠው፣ ለዝምድና አይደለም። "የሌሊት ወፍ" ወፍ አይደለችም። "ቀይ ቀበሮ" የምንለው የስሜንና የባሌ ተራሮች እንስሳ ሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ ነው። ካኒስ ውሻና ተኩላ ያሉበት ወገን ነው። የፈረንጅ አገር ቀይ ቀበሮ ግን ቩልፔስ የሚባል ሌላ ወገን ውስጥ ናት። ስለዚህ የኛው ቀይ ቀበሮ በዝምድና ለተኩላ ይቀርባል። ሲሜንሲስ የሚለው ቃል ራሱ "የስሜን" ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱ ካርድ የተለየ ዝርያ መሆኑን አረጋግጡ

ፍተሻው ቀላል ነው። ሁለቱ በተፈጥሮ ተገናኝተው መውለድ የሚችል ልጅ ያፈራሉ ወይ? ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም (በሴል ውስጥ ዘርን የሚሸከም ክር) አላቸው። ልጃቸው በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች። ክሮሞሶሞቹ በትክክል ስለማይጣመሩ በቅሎ አትወልድም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፈረስና አህያ ሁለት ዝርያ ናቸው።

ተጠንቀቁ፣ ይህ ሕግ እንደ ብረት የጠነከረ አይደለም። ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ከቤት ውሻ ጋር ተዳቅሎ መውለድ የሚችል ልጅ ወልዷል። በቅርብ የተለያዩ ዝርያዎች ድንበራቸው እንዲህ ይላላል። የኛ 8ቱ ግን በጣም የተራራቁ ስለሆኑ ይህ አያሳስባችሁም።

ደረጃ 4፦ የውጭ ማነፃፀሪያ ለዩ

ቆሮሶን ለብቻዋ አስቀምጡ። ከስምንቱ ቀድማ የተለየችው እሷ ናት። ቆሮሶ ላይ ያለ ባሕርይ አሮጌ ነው፣ ቆሮሶ ላይ የሌለና ሌሎቹ ላይ ያለ ደግሞ በኋላ የመጣ ነው ብለን እንነሳለን። ማነፃፀሪያ የሌለው ሠንጠረዥ አናቱና ግርጌው አይታወቅም።

ደረጃ 5፦ ባሕርያቱን ምረጡ

ይህ ደረጃ የሥራው ግማሽ ነው። ቀስ በሉ።

የኢትዮጵያን የስም አጠራር አስቡ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። በአያት ስም የሚጋሩ ሰዎች የአጎት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ወንድማማች መሆናቸውን የሚነግራችሁ የአባት ስም ነው። ባሕርይም እንደዚያው ነው። "የጀርባ አጥንት አለው" የሚለው የአያት ቅድመ አያት ስም ነው፤ ስምንቱም ስለሚጋሩት ማንንም ከማን አይለይም። የምትፈልጉት ከፊሎቹ ብቻ የሚጋሩትን፣ በኋላ የመጣውን ነው።

ሁለተኛው መለኪያ፦ መሥሪያው አንድ መሆን አለበት። ሥራው አንድ ስለሆነ ብቻ አይቆጠርም። ዓሣም ቅርፊት አለው፣ እንሽላሊትም ቅርፊት አላት። ነገር ግን የዓሣው ከቆዳው ውስጠኛ ክፍል የሚወጣ አጥንት መሳይ ነገር ነው፣ የእንሽላሊቷ ደግሞ የቆዳዋ የላይኛው ንብርብር ጠንክሮ የሠራው ነው። ስም ብቻ ነው የሚያገናኛቸው። አሁን የዶሮዋን እግር አንሱና በጥፍራችሁ ቅርፊቱን ፈቅፍቁት። ለወጥ ሲዘጋጅ በፈላ ውኃ ነክረን የምንገፈው ያው ነው። እሱም ከቆዳ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ጠንካራ ፕሮቲን ከእንሽላሊት ቅርፊት ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ላባውና ምንቃሩም ውስጥ አለ፣ አጥቢዎች ግን የላቸውም።

ስምንቱ ባሕርያት እነዚህ ናቸው፦

1. ጣት ያላቸው አራት እግሮች (ክንፍም የፊት እግር ነው)
2. ፅንሱን የሚከብ የእንሽርት ከረጢት
3. የእንሽላሊት ዓይነት የቅርፊት ፕሮቲን
4. ፀጉር
5. ወተት
6. ሥጋ ቆራጭ መንጋጋ፣ ማለትም ከላይና ከታች እንደ መቀስ የሚተላለፉ ጥርሶች
7. የመሃል ጆሮን የሚሸፍነው አጥንት የድመት ዓይነት አሠራር፣ ማለትም ውስጡ በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ
8. ለመብረር የሆነ ክንፍ

ስለ 2ኛው ብዙ ሰው ይገረማል። የእንሽርት ውኃ የሴት ልጅ ምጥ ላይ ብቻ የምንሰማው ቃል ስለሆነ ነው። የዶሮ እንቁላል ውስጥ ያለችው ጫጩትም ያንኑ ከረጢት ለብሳ፣ ያንኑ ውኃ ውስጥ ተንሳፋ ነው የምታድገው። የእንቁራሪት እንቁላል ይህ ስለሌለው ኩሬ ውስጥ ካልተጣለ ይደርቃል።

8ኛውን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታያላችሁ።

ደረጃ 6፦ ሠንጠረዡን ሙሉ

በግራ የእንስሳቱን ስም፣ ከላይ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ጻፉ። ካለው 1፣ ከሌለው 0። እንዲህ መውጣት አለበት፦

ቆሮሶ፦ 0 0 0 0 0 0 0 0
እንቁራሪት፦ 1 0 0 0 0 0 0 0
እንሽላሊት፦ 1 1 1 0 0 0 0 0
ዶሮ፦ 1 1 1 0 0 0 0 1
የሌሊት ወፍ፦ 1 1 0 1 1 0 0 1
ውሻ፦ 1 1 0 1 1 1 0 0
ጅብ፦ 1 1 0 1 1 1 1 0
ድመት፦ 1 1 0 1 1 1 1 0

የእናንተ ከዚህ ከተለየ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። በብዛት የሚሳሳተው የሌሊት ወፍ ረድፍ ነው። ፀጉር አላት፣ ልጇን ወልዳ ታጠባለች። እንቁላል የምትጥል የሌሊት ወፍ የለችም።

ደረጃ 7፦ ዛፉን ሣሉ

ከወረቀቱ ግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ አንድ ረጅም ሰያፍ መስመር አስምሩ። ግንዱ ይህ ነው። አሁን ብዙ እንስሳት ከሚጋሩት ባሕርይ ጀምራችሁ ወደ ጥቂቶቹ ውረዱ።

ሀ. ከግርጌው አጠገብ ቅርንጫፍ አውጡና ጫፉ ላይ ቆሮሶ ጻፉ።
ለ. ከዚያ በላይ ግንዱ ላይ ትንሽ ጭረት አድርጉና "እግር" በሉ። ከጭረቱ ቀጥሎ የእንቁራሪት ቅርንጫፍ ይወጣል።
ሐ. "የእንሽርት ከረጢት" የሚል ጭረት። ከሱ ቀጥሎ አንድ ቅርንጫፍ አውጡ፣ ቅርንጫፉ ላይ "የቅርፊት ፕሮቲን" ጻፉና ጫፉን ለሁለት ክፈሉት፦ እንሽላሊትና ዶሮ።
መ. ወደ ግንዱ ተመለሱ። "ፀጉር" እና "ወተት" የሚሉ ሁለት ጭረቶች። ቀጥሎ የሌሊት ወፍ ትወጣለች።
ሠ. "ሥጋ ቆራጭ መንጋጋ"። ቀጥሎ ውሻ።
ረ. "የጆሮ አጥንት"። የግንዱ ጫፍ ለሁለት ይከፈላል፦ ጅብና ድመት።

ጥያቄያችሁ ተመለሰ። ጅብ ከድመት ጋር የሚገናኝበት አንጓ (ቅርንጫፎች የሚለያዩበት ነጥብ) ከውሻ ጋር ከሚገናኝበት አንጓ በኋላ ነው የሚመጣው። ዲኤንኤውም ይህንኑ ነው የሚለው። የጅብ ውሻ መምሰል ታዲያ ምንድን ነው? ረጅም ርቀት እየሮጡ ማደንና አጥንት መቆርጠም ለሁለቱም ተመሳሳይ አካል ጠይቋል። መልክ ሥራን ሊከተል ይችላል።

ደረጃ 8፦ ክንፉን አስታርቁ

የክንፍ ዓምድ ከሌሎቹ ጋር ይጣላል። ዶሮንና የሌሊት ወፍን አንድ ቦታ ልታደርጋቸው ትፈልጋለች። ዝም ብላችሁ አትሰርዟት፣ ቁጠሩ።

በሣላችሁት ዛፍ ላይ ከ1 እስከ 7 ያሉት ባሕርያት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተፈጠሩት፣ ክንፍ ደግሞ ሁለት ጊዜ። ድምሩ 9 ለውጥ።

አሁን በሌላ ወረቀት የሌሊት ወፍን ከዶሮ ጎን አድርጋችሁ እንደገና ሣሉ። ክንፍ 1 ጊዜ ሆነ፣ ደስ ይላል። ግን ፀጉር 2 ጊዜ፣ ወተት 2 ጊዜ መፈጠር አለበት፤ የቅርፊቱ ፕሮቲንም ተፈጥሮ የሌሊት ወፏ ላይ መጥፋት አለበት፣ እሱም 2። የቀሩት አራቱ አንድ አንድ። ድምሩ 11።

9 ከ11 ያንሳል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ዛፍ ይመረጣል። ጥቂት አጋጣሚ የሚጠይቀው ማብራሪያ ይቀድማል ማለት ነው። መሥሪያውን ብታዩም ያው ነው፦ የሌሊት ወፍ ክንፍ በረዘሙ ጣቶች መሃል የተወጠረ ቆዳ ነው፣ የዶሮ ክንፍ ግን ጣቶቹ ተጣብቀው ያነሱበት፣ ላባ የተተከለበት ክንድ ነው።

ደረጃ 9፦ የምደባ ስሞቹን አልብሱ

ዛፉ ካለቀ በኋላ ነው ስም የሚለጠፈው፣ ቀድሞ አይደለም። ደረጃዎቹ 7 ናቸው፤ ዘመድ "እስከ ሰባት ቤት" እንደምንቆጥረው ማለት ነው፣ ግጥምጥሞሹ ለማስታወስ ይረዳችኋል። ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛው ስለምትማሯቸው ሁለቱንም አስቀምጫለሁ። ለጅብ እንዲህ ይሆናል፦

ስፋን ወይም ኪንግደም፦ አኒማሊያ
ክፍለስፋን ወይም ፋይለም፦ ኮርዳታ
መደብ ወይም ክላስ፦ ማማሊያ
ክፍለመደብ ወይም ኦርደር፦ ካርኒቮራ
አስተኔ ወይም ፋሚሊ፦ ሃያኒዴ
ወገን ወይም ጂነስ፦ ክሮኩታ
ዝርያ ወይም ስፒሽስ፦ ክሮኩታ ክሮኩታ

ዛፋችሁ ላይ ፈልጓቸው። "ፀጉር" እና "ወተት" ከሚሉት ጭረቶች በላይ ያለው ሁሉ ማማሊያ ነው። "ሥጋ ቆራጭ መንጋጋ" ካለው በላይ ያለው ካርኒቮራ። ውሻም፣ ጅብም፣ ድመትም እስከ ክፍለመደብ አንድ ናቸው፤ አስተኔ ላይ ሲደርሱ ነው ሦስት ቦታ የሚሆኑት። ውጤታችሁን ለማረጋገጥ ኤንሲቢአይ ታክሶኖሚ በሚባለው ነፃ ገጽ ላይ ሳይንሳዊውን ስም አስገቡና ዝርዝሩን ከእናንተው ጋር አስተያዩ።

የተለመዱ ስህተቶች

ጫፍን እንደ አያት ማንበብ። "ሰው ከዝንጀሮ ነው የመጣው?" የሚለው ጥያቄ ከዚህ ስህተት ነው የሚወለደው። ዛፉ ጫፍ ላይ ያሉት ሁሉም ዛሬ ያሉ ናቸው። የአጎታችሁ ልጅ አያታችሁ አይደለም፤ አያት የምትጋሩት ዘመድ ነው። ሰውና ዝንጀሮም የሚጋሩት ከሁለቱም የተለየ፣ ዛሬ የሌለ ቅድመ አያት ነው። ለሰው ከዝንጀሮ ይልቅ ቺምፓንዚ ይቀርባል፤ የሁለቱ ግንድ የተለያየው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። ቅሪተ አካል ስትጨምሩም ያው ነው። በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናትን ድንቅነሽን ግንዱ ላይ አትለጥፏት። የራሷ አጭር ቅርንጫፍ ስጧት፤ የኛ ቀጥተኛ አያት መሆኗን ከአጥንቷ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም።

ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ደረጃ ማንበብ። ድመት ጫፍ ላይ ስለተጻፈች ከቆሮሶ "የበለጠች" አይደለችም። ይህን ለማየት የትኛውንም አንጓ ይዛችሁ ሁለቱን ቅርንጫፎች አገላብጡ፤ ድመት መሃል ልትገባ ትችላለች፣ ዛፉ ግን ያው ነው። ዝምድና የሚነበበው በአንጓዎቹ ነው፣ በስሞቹ ተራ አይደለም።

0 ሁሌ "ኖሮት አያውቅም" ማለት ነው ብሎ ማሰብ። በእንሽላሊት ፋንታ እባብ ብታስገቡ እግር ላይ 0 ትጽፋላችሁ፣ ከዓሣ ጎን ልትመድቡትም ትቃጣላችሁ። የእባብ ቅድመ አያቶች ግን እግር ነበራቸው፣ ጠፋ። ሌሎቹን ዓምዶች ስታዩ ይታወቃችኋል፤ አንድ ዓምድ ብቻዋን አትመስክርባችሁ።

ኑሮን እንደ ባሕርይ መቁጠር። "ሌሊት ይወጣል"፣ "ሥጋ ይበላል"፣ "ውኃ ውስጥ ይኖራል" አይሠራም። ዓሣ ነባሪን ውኃ ውስጥ ስለሚኖር ከቆሮሶ ጋር የመደበ ተማሪ አለኝ። በሕይወት ካሉት እንስሳት ለዓሣ ነባሪ የሚቀርበው ጉማሬ ነው።

ለመለማመጃ

የመጀመሪያው ከተሳካላችሁ አራት አዲስ ካርድ ቁረጡ፦ ሽኮኮ፣ ጥንቸል፣ ዝሆን፣ አውራሪስ። ለውጭ ማነፃፀሪያ ዶሮን ተጠቀሙ። ሽኮኮን ዓይቶ ከጥንቸል ጎን የማያስቀምጣት የለም። ካርዷን ከማስቀመጣችሁ በፊት ግን የሽኮኮን የላይኛ የፊት ጥርስ ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ። ቀጥሎ የዝሆን ጥርስ የምንለው የትኛው ጥርስ አድጎ እንደሆነ ፈልጉ። ከዚያ የእግር ጣቶቻቸው ላይ ያለውን ጥፍር አነጻጽሩና ሠንጠረዡን ሙሉ።